ሁለተኛው ዓይን

ለአንድ ፊልም የታጨሁበት ገጸ ባሕርይ በቀይ ሽብር ዘመን የገዛ ወንድሙን ጠቁሞ ያስያዘ ሰው ነበር። ሰውዬው አሁን አርጅቷል። ጉዱን ዕድሜ ልኩን በሆዱ ይዞ ኖሮ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ለወንድሙ ሚስት ይናገራል። ስክሪፕቱን እንዳነበብኩ ያ ትዕይንት ወለል ብሎ ታየኝ፤ ድምፄ የት ላይ እንደሚሰበር፣ ጉልበቴ የት ላይ እንደሚከዳኝ ሁሉ። ልምምድ ስንጀምር ዳይሬክተሩ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምንም ባያደርጉ ደስ ይለኛል» አለኝ።

ምክሩ አዲስ አይደለም። ከመድረክ ወደ ካሜራ የመጣ ተዋናይ ሁሉ፣ በየትም አገር፣ ይኸው ይነገረዋል። የሚቸግረው ምንም ሳያደርጉ እንዴት ሰው መሆን እንደሚቻል የሚያሳይ ማግኘት ነው። በመድረክ ያደገ ሰው ፊቱን የሚያስበው ከሩቅ ነው። በብሔራዊ ቲያትር ፎቅ ላይ፣ ከኋላ የተቀመጠ ተመልካች ዓይኔን አያይም። የሚያየው የትከሻዬን መውደቅ፣ አረማመዴን፣ የእጄን መዘርጋት ነው፤ የሚደርሰው ድምፄ ነው። ስለዚህ ሐዘንን ከሆድ አውጥቶ እስከ ፎቁ መላክን ተማርን። ይህን ጥበብ አከብረዋለሁ፤ በእሱ እንጀራ በልቻለሁ፤ ሰው ሲያለቅስበትም አይቻለሁ። ካሜራ ግን የኋላ ወንበር የለውም። ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በክሎዝ አፕ፣ የአንድ ተዋናይ ግንባር ከተመልካቹ ቁመት ይበልጣል። እዚያ ላይ እስከ ፎቅ የተላከ ሐዘን ይጮኻል።

እንግሊዛዊው ተዋናይ ማይክል ኬን እ.ኤ.አ. በ1987 በቢቢሲ በሰጠው የፊልም ትወና ትምህርት ላይ አጥብቆ የተናገረው ስለ ዓይን ነው። ከካሜራው ጎን የቆመውን ባልደረባህን ስታናግር ዓይንህን ከአንዱ ዓይኑ ወደ ሌላው አታመላልስ፤ አንዱን ምረጥና በእሱ ጽና፤ ያለ ምክንያት አታርገብግብ የሚል ነው ነገሩ። ላይ ላዩን የእጅ ሙያ ምክር ይመስላል። ሞኒተር ላይ ለሚያየው ሰው ግን ከዚያ ያልፋል። ዓይኑ የሚመላለስ ሰው ሳይናገር የሚሸሽ ሰው ይሆናል፤ ዓይኑ የጸና ሰው ደግሞ የሚናገረው ቃል ተራ ቢሆን እንኳ ይደመጣል። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠበበ። ዝም ያለ ፊት እንዴት ይናገራል? ዓይንስ ወዴት ሲዞር ነው የሚናገረው?

ይህን ሁሉ ለአንድ የልብ ወዳጄ አጫወትኩት። ሠዓሊ ነው፤ በወጣትነታችን የእሱን ኤግዚቢሽን እኔ፣ የእኔን ቲያትር እሱ ሳያይ አይቀርም ነበር። ሰምቶ ሰምቶ «አንተ ዝም ያለ ፊት ማየት ከፈለግህ ጎንደር ሂድ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባና ቀና በል» አለኝ። ቀረፃው ከመጀመሩ በፊት ተነሣሁ። መንገዱ አማን የነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍ በዚያ በኩል ያሉትን ሰዎች፣ ያስተናገዱኝን ካህናትና የጀልባ ልጆች፣ ደኅና ያድርጋቸው እያልኩ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዛፍ በተከበበ ጉብታ ላይ ነው። ግቢውን የሚያጥረው የድንጋይ ካብ በየቦታው ክብ ማማ አለው፤ 12ቱ ማማዎች በ12ቱ ሐዋርያት ይመሰላሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ለሚያየው ሰው ውስጡ ያን ያህል ጉድ ይዟል ብሎ ለማመን ይከብዳል፤ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ነው፣ ክዳኑ ሣር። ደብሩን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ እንደነበረና አሁን የምናየው በኋላ እንደተሠራ ይነገራል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አድባራቱን ሲያቃጥል ይኼኛው ተረፈ። የአገሩ ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ መለሳቸው ይላል። እኔ ይህን ታሪክ ደጃፉ ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ ሰማሁትና በሙሉ ልቤ ተቀበልኩት።

ስገባ ውስጡ ጨለማ ነበር። ዓይን እስኪለምድ ድረስ የሚታየው የቀለም ፍንጭ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ። ያስገቡኝ ካህን መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ይከፍቱ ጀመር። የመጀመሪያው መዝጊያ ሲከፈት ብርሃኑ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ የግድግዳውን ግርጌ ብቻ ነካ፤ የፈረሶች እግር፣ የቀሚሶች ጫፍ። ሁለተኛው ሲከፈት ወገብና እጅ መጣ። ፊቶቹ በመጨረሻ ነው የመጡት። በፊልም ሥራ ለአንድ ፊት መብራት ለማቆም ግማሽ ቀን ሲጠፋ አይቻለሁ፤ የመብራት ባለሙያዎቹ ትዕግሥት ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚህ ሠዓሊው ብርሃኑ ከየት በኩል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ ሳያውቅ አልሣለም የሚል እምነት አደረብኝ። በቀረብኩት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ የተሠራበትን ጨርቅ አየሁት። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ የሁለት ጨርቆች መጋጠሚያ በአንዱ ቅዱስ ካባ ላይ እንደ ቀጭን ጠባሳ ወርዷል። የቅዱሱ ፊት ጉንጩ ላይ ቀላ ያለ ጥላ አለው፤ ከዓይኑ ሥር አንድ ቡናማ መሥመር፤ ነጩ የዓይን ክፍል ሰፊ፣ ብሌኑ ጥቁርና ወደ አንድ ጥግ የተጠጋ። የብሌኑ ቦታ በአንድ ገብስ ፍሬ ያህል ቢዛነፍ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዳጄ እንዳለኝ ቀና አልኩ።

ጣሪያው ሙሉ ፊት ነው። በአግዳሚ እንጨቶቹ መካከል ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ አካል የላቸውም፣ እጅ የላቸውም፣ ፊትና ክንፍ ብቻ። ክሎዝ አፕ የምንለው ነገር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ሰውን ከአንገቱ በላይ ቆርጦ፣ የቆመበትን ምድር ነስቶ፣ «ይህን ብቻ እይ» ማለት ነው። ጎብኚዎች አንዱ ፊት ያዝናል፣ አንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዱ ይታዘባል ሲሉ ሰማሁ። ረዘም ላለ ጊዜ አንጋጥጬ ስመለከት የገባኝ ግን ፊቶቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። የሚለዋወጠው ተመልካቹ ከየት መጥቶ እንደሚያያቸው ነው። በእሳት የተከበበውን ዲያብሎስ አይቼ ቀና ስል ከላዬ ያለው ፊት የፈራ መሰለኝ። ወደ መቅደሱ ዞሬ ከበሩ በላይ ያሉትን፣ መልካቸው አንድ የሆነውን ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ ሥላሴን፣ ተሳልሜ ያንኑ ፊት እንደገና ሳየው ሰላም ሰፍኖበታል።

ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ እንዲህ ያለ ሙከራ እንዳደረገ የፊልም ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የታወቀውን ተዋናይ የኢቫን ሞዙኪንን ስሜት አልባ ፊት ወሰደ፤ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ሙከራው ዛሬ በእጅ ባይገኝም የሚነገረው ተመልካቹ ተዋናዩ ተራበ፣ አዘነ፣ ተመኘ ብሎ ችሎታውን ማድነቁ ነው። ብዙ ተዋናዮች ይህን ታሪክ አይወዱትም፤ ሥራችንን ለኤዲተሩ መቀስ አሳልፎ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። እኔ ጣሪያው ሥር ቆሜ የተሰማኝ ተቃራኒው ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ ለእያንዳንዱ ኪሩብ ለየብቻ ስሜት ቢሥልለት ኖሮ ከታች የቆመው ምእመን የራሱን ፍርሃትና የራሱን ሰላም የሚያኖርበት ቦታ ባላገኘ ነበር። ዳይሬክተሬ የጠየቀኝ ባዶነትን አልነበረም። ተመልካቹ የሚገባበት ቦታ እንድተውለት ነበር የጠየቀኝ። ያም ከባድ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የኪሩቡ ፊት ባዶ አይደለም። ንቁ ነው። ያያል።

ካህኑ ዝም ብለው ሲታዘቡኝ ቆይተው ቀረቡና «ልጄ፣ ከላይ ያሉትን ብቻ አትይ፤ ከታችም ብዙ አለ» አሉኝና በመቋሚያቸው ጫፍ ግድግዳውን እያሳዩ ያስረዱኝ ጀመር። ሠዓሊው ቅዱሳኑን ሲሥል ሁለቱም ዓይናቸው እንዲታይ አድርጎ ነው፤ ፊት ለፊት ወይም ገደድ ብለው። ክፉዎቹን፣ ጌታን የሚገርፉትን፣ አሳልፎ የሰጠውን፣ ሰማዕታቱን የሚያሠቃዩትን፣ በጎን ነው የሚሥላቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሰፊው የሚታወቅ ደንብ ነው፤ የማይጠበቅበት ቦታ ቢኖርም። ከልጅነቴ ጀምሮ በየአጥቢያው ያየሁት ነገር ነው። ግን በዚያ ቀን፣ ይሁዳን ለመሥራት የተዘጋጀሁ ሰው ሆኜ ስሰማው፣ ነገሩ ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

የደንቡን ምክንያት ስጠይቃቸው «ኃጥእ ሙሉ ፊቱን ለሰው ይሰጣል ብለህ ነው?» ነበር ያሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሙያዬ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላውቅምና። እኛ ተዋናዮች ክፉ ሰው ስንሠራ ክፋቱን ፊታችን ላይ ልንጽፈው እንሞክራለን። ቅንድብ እንሰበስባለን፣ ከንፈር እናጣምማለን፣ ድምፅ እናወፍራለን። የጎንደር ሠዓሊ ይህን አልፎ አልፎ ቢያደርገውም ዋናው ነገሩ ሌላ ነው። ክፋትን በአቅጣጫ ነው የሚገልጸው። በጎን የተሣለው ወታደር ፊቱ ብዙ ጊዜ ከቅዱሱ ፊት የባሰ አስቀያሚ አይደለም። ሰውየው እኛን አያየንም፤ እኛም እሱን በሙሉ አናየውም። ከሥራው ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አይደለም። ቅዱሱ በተቃራኒው ሰይፍ አንገቱ ላይ እያረፈ እንኳ ወደ እኛ ነው፤ ሥቃዩን የረሳ ያህል እኛን ይመለከታል። በካሜራ ቋንቋ ሳስበው ትልቅ ነገር ነው። በጎን የተቀረፀ ሰው ለተመልካች የተዘጋ በር ነው። ሁለት ዓይኑ የታየ ሰው ደግሞ፣ ምንም ባያደርግ፣ ለመታየት ፈቅዷል።

ወንድሙን ያስያዘው ሰውዬዬ ዕድሜ ልኩን በጎን የኖረ ሰው ነው። ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለመስተዋቱም አንድ ዓይኑን ብቻ የሰጠ። ከዚያ ግድግዳ ሥር ሆኜ ነው የገባኝ፤ ድምፁ እንዴት ይሰበራል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ፊቱን መቼ ያዞራል የሚለው ነው።

ስቅለቱ ከሥላሴ ሥር ነው። እመቤታችንና ዮሐንስ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ፊታቸው የጸና ነው፤ እንባ ለማሳየት አፍ አልተከፈተም፣ ግንባር አልተጨማደደም። ሐዘኑ ያለው እጃቸው ላይ ነው። ጉንጭን በመዳፍ ደግፎ አንገትን ዘንበል ማድረግ። ይህን እጅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጡ እናቶች እጅ ነው። ከዘመን ዘመን ሲያልፍ አልተለወጠም። እኛ ለስክሪን ስንሠራ እጃችንን እንረሳዋለን፤ ከፍሬሙ ውጭ ነው ብለን። የጠበበ ፍሬም ውስጥ እንኳ ግን እጅ ወደ ጉንጭ ሲመጣ ፊት ሳይለወጥ ሁሉ ነገር ይለወጣል። የመድረክ ልጅ የሆንኩ ሰው በዚህ ተጽናናሁ። ሰውነቴ ያጠራቀመው ዕውቀት አይጣልም። ቦታው ግን ይቀንሳል።

ስለ ፊት ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ አንድ ፊልም አለ። ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው የዣን ዳርክ ሕማማት ነው። ዋናዋ ተዋናይት ሬኔ ፋልኮኔቲ የመድረክ ሰው ነበረች። ድሬየር ሜካፕ ከለከለ፣ ፀጉሯን ካሜራ ፊት አስቆረጠ፣ ቀረፃውንም በታሪኩ ቅደም ተከተል አስኬደው። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ፊት ብቻ ነው፤ የእሷ ፊትና የዳኞቿ ፊት፣ ከኋላቸው ነጣ ያለ ባዶ ግድግዳ። ዋናው ኔጋቲቭ በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ በእሳት ጠፋ፤ ድሬየር ከተረፉ ቁርጥራጮች ሌላ ቅጂ ቢያዘጋጅም የመጀመሪያው ለዘላለም የጠፋ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ግን ኦስሎ አቅራቢያ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ሙሉው ቅጂ ተገኘ። ከእሳት የተረፈ የፊት ግድግዳ። ፋልኮኔቲ እዚያ ውስጥ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ ዓይኖቿን በሙሉ ከፍታ፣ ማንንም ለማሳመን ሳትጥር ትታያለች። የጎንደር ሠዓሊዎችን ሥራ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ድሬየርም እንዲሁ። የሚገናኙት ሁለቱም ወገኖች ፊትን እንደ ቅዱስ ስፍራ በማየታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ድፍረት ብዙ አላየሁም። አሁን ፊት የምንቀርፀው ቃል ሲናገር ለማሳየት ነው፤ ድራማዎቻችን ሁሉ የሚናገሩ ፊቶች ናቸው፤ የሚያዳምጥ ፊት ላይ ካሜራ ሲቆይ ማየት ብርቅ ሆኗል።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በመኪና ወረድኩ። መንገዱን አላወራም፤ ቆንጆ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በጀልባ ጣናን ሲሻገሩ ግን ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን አለማሰብ አይቻልም፤ የጎንደር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ትልቁ ክፍሉ በዚህ ሐይቅ ዳር ባለ መንደር የሚሆን ነው። ከ«ጤዛ» ይልቅ በጀልባው ላይ ሳስበው የነበረው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ካሜራው ከገበሬው በጣም ይርቃል። ሰውየው ከበሬዎቹ ጋር በሜዳው ላይ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ካሜራውም አይቸኩልም። የሠሩት አብዛኞቹ ተዋናዮች ሙያቸው ትወና አልነበረም። ከዚያ ርቀት ፊት የለም፣ ዓይን የለም፤ የጀርባ ጉብጠት አለ፣ የእርምጃ ድካም አለ። ስለዚህ የስክሪን ትወና ማለት የፊት ትወና ነው በሚሉት አልስማማም። ስክሪን ርቀትን የመምረጥ ጥበብ ነው፤ ተዋናይም በየትኛው ርቀት እየታየ እንደሆነ ማወቅ አለበት። እኔ ከእያንዳንዱ ሾት በፊት የካሜራ ባለሙያውን ስለ ሌንሱ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ አንዳንዶቹ ይገረማሉ፤ ይገረሙ።

ዘጌ ላይ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ይህን ግን የሚያየው ሰው መዞር አለበት። ታሪኩ የሚቀጥለው ስትራመድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ግድግዳ ላይ ሦስቴ አራቴ ይሣላል፤ እዚህ ሲበላ፣ እዚያ ሲሄድ፣ ወዲያ ሲሞት። ተመልካቹ ያው ሰው መሆኑን የሚያውቀው በልብሱ ቀለምና በጢሙ ነው። በፊልም ሥራ ላይ ይህን የምትጠብቅ ባለሙያ አለች፤ በየሾቱ መካከል ሸሚዜ ስንት ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ጭራዬ በየትኛው እጄ እንደነበረ የምትመዘግብ፤ ኮንቲኒዩቲ እንለዋለን። የጣና ሠዓሊዎች ያንን ሥራ በብሩሽ ይሠሩት ነበር። ሥዕሉን የሚተርኩትም መሪጌታ ከፓኔል ወደ ፓኔል እየተራመዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ የቅዱሱንም የዲያብሎሱንም ቃል ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ሙሉ ቲያትር ነው።

የቆምኩት በላኤ ሰብእ ዘንድ ነው። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ የራሱን ቤተሰብ ሳይቀር። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ቁስለኛ ድኻ ያገኛል። ድኻው ውኃ ይለምነዋል፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጻድቃን ብሎ ሲለምነው አይሰማውም፤ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ትቀርባለች፤ በአንዱ ወገን የበላቸው፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ታሳርፍበታለች፤ ሚዛኑ ይደፋል። በሥዕል ላይ በአንድ በኩል ሥጋ የያዘው ሰው አለ፤ በሌላ በኩል ውኃ የሚያፈሰው ሰው፤ ከዚያ ሚዛኑ።

መሪጌታውን «ከዚህ ሥዕል እስከዚህኛው ሥዕል ድረስ ሰውየው ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያውን አሳዩኝ፤ «እዚህ ይበላል»፤ ሁለተኛውን አሳዩኝ፤ «እዚህ ራራ»። በሁለቱ መካከል ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር መሥመር አለ፣ ጣት የማይሞላ። እውነትም የሥዕል ሥራ እዚያ ያበቃል። ሠዓሊው በፊት የነበረውንና በኋላ የሆነውን ጎን ለጎን ያኖርልናል፤ ሽግግሩን ለእግዚአብሔርና ለተመልካቹ ይተወዋል። እኔ ግን የቆምኩት እዚያች ቀጭን መሥመር ላይ ነው። የፊልም ተዋናይ ሥራ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ጆሮው ከመስማቱና እጁ ወደ ቅሉ ከመዘርጋቱ መካከል። ስንት ሰከንድ ነው? ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም ይቀርፃል፤ አንድ ሰው ከክፋት ወደ ምሕረት ለመዞር ስድስት ሰከንድ ቢፈጅበት 144 ሥዕል ነው። እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰው ሁለቱ ዓይኖቹ ወደሚታዩ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ይህን የትኛውም ግድግዳ አይችለውም። በጎንደር ጣሪያ ሥር ለሠዓሊው ያደረብኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ እኔም ግን ለዚህ ሥራ የምጨምረው ነገር እንዳለኝ ያመንኩት ኡራ ላይ ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ዳይሬክተሩን ቡና ጋበዝኩትና ሐሳቤን ነገርኩት። ሰውዬው በፊልሙ ሁሉ ውስጥ በጎን ይቀረፅ፤ ሲበላ፣ ሲጸልይ፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨዋወት፣ ካሜራው አንድ ዓይኑን ብቻ ያግኝ። ለወንድሙ ሚስት ሲናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ቃላት በመስኮቱ በኩል እያየ ይናገር። ከዚያ ስሟን ይጥራና ይዙር። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የስክሪፕቱን ጀርባ ገልብጦ ሾቶቹን መሣል ጀመረ፤ ክብ ክብ ራሶች፣ አንድ አንድ ዓይን፣ በመጨረሻዋ ሣጥን ውስጥ ሁለት።

እንዲሁ ቀረፅነው። ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ፊቴ ብቻ ጠርቶ ከኋላዬ ያለው ሳሎን የደበዘዘ። እጄን ጉንጬ ላይ አላደረግሁም፤ እጁን ለእሷ ተውኩላት። እሷን የሠራችው ተዋናይት፣ ታላቅ ባለሙያ ናት፣ ማንም ሳይነግራት ቃሌን ስትሰማ መዳፏን ወደ ጉንጯ አነሣች፤ ከካሜራው ጎን ቆማ፣ ሾቱ የእኔ ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ ለእኔ ብላ። እኔም ያንን እጅ አይቼ ነው የዞርኩት።

አሁን ፊልሙ ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ከዳይሬክተሩም ጋር ክርክር ላይ ነን። እሱ መዞሬ እንደተጀመረ፣ ሁለተኛው ዓይኔ ከአፍንጫዬ ጀርባ ብቅ ከማለቱ በፊት፣ ቆርጦ ወደ እሷ ፊት ሄዷል። ቀሪውን ተመልካቹ በሐሳቡ ይጨርሰው፣ ያለቀ መዞር ይቅርታን ያቀልለዋል ነው የሚለው። ቀላል ሐሳብ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት አስቤበታለሁ። የእኔ አቋም ግን ሰውዬው እስከ መጨረሻው ይዙር ነው። ይቅርታ ማግኘት አለማግኘቱን እሷ ትወስን፤ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ዓይኑን ይዞ ፊቷ ይቁም። ሁለተኛው ዓይን እስኪታይ ድረስ ያለው ፍሬም ከ30 አይበልጥም። ሰኞ እንደገና አብረን ልናየው ተቀጣጥረናል፤ እኔም የኡራውን ግድግዳ ፎቶ ይዤለት እሄዳለሁ።